ሁለት ሰው የያዘው መሪ

ጋሽ ሙላት ማረፋቸውን የነገረኝ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ሰው ነው። እሑድ ቀን ነበር። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው ጸጉሩ የሸበተ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ቆሟል። የደባርቅ አቧራ እንዲህ ያለ ጫማ አይወድም፤ ስለዚህ እንግዳ መሆኑን አወቅሁ።

"መምህርት አስካለ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ፤ ግባ ልጄ።"

"የካፒቴን ሙላት ተማሪ ነበርሁ። እሳቸው... አርባቸው ባለፈው ሳምንት ወጣ።"

ሁለቱ እጆቼ ከነጠላው ውስጥ ወጥተው ወደ ላይ ብድግ አሉ። የትኩስ ድስት ጆሮ የነካ ሰው እጁን እንደሚያነሣው ማለት ነው። ሰውየው እጆቼን አየ። ምን ማለት እንደሆነ እንደገባው ከፊቱ ታወቀኝ። በዚህ ከተማ ከእኛ ከሁለታችን በቀር የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እኔ ጋሽ ሙላትን የማውቃቸው በካፒቴንነት ሳይሆን በሒሳብ መምህርነት ነው። አብረን የሠራነው አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አይሞላም። በዚያች ዓመት ግን አንድ ነገር አደረግሁባቸው። ያደረግሁትን ያውቁ ይሆን? ይህን ዕድሜ ልኬን ልጠይቃቸው ፈልጌ፣ እየፈራሁ፣ እየፈራሁ፣ ይኸው ቀድመውኝ ሄዱ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቀይ ሽብሩ አልፏል ይባል ነበር፤ ስሙ አልፎ ይሆናል፣ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነበር። ከከተማው ትንሽ ፈንጠር ሲሉ ሽፍታውም ተዋጊውም አለ፤ በመንግሥት አፍ ሁሉም "ወንበዴ" ነው። ከደባርቅ እስከ ዳባት ለመሄድ እንኳ የቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ዳባት ኬላ ላይ ወረቀት የሌለው ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ የት እንደሚገባ አይጠየቅም። እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ እንግሊዝኛ እንዳስተምር የተመደብሁ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ስነሣ እናቴ የሰጠችኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ "አፍሽን ያዢ።" ያዝሁት። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል፤ እኔም የደባርቅ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት፣ አንድ አብዮት ጥበቃ ከኋላዬ ስለመጣ ብቻ ጀርባዬ በላብ የራሰበት ቀን አለ።

ጋሽ ሙላት በመስከረም ወር መጡ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ካፖርታቸው ከእሳቸው የሰፋ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን መምህራን ክፍል ገብተው ወንበር ቢሰጧቸው አልተቀመጡም። ዞሩት። አንዱን እግር ነቀነቁ፣ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ፣ መደገፊያውን ጫን ጫን አደረጉ።

"ወንበሩ ምን አደረገዎት ጋሼ?" አለ የስፖርት መምህሩ እየሳቀ።

"እስካሁን ምንም። ችግር ካለው ግን ከተቀመጥሁ በኋላ ከሚነግረኝ አሁን ቢነግረኝ ይሻላል።"

ተማሪዎቹ "ዞሮ አያ" የሚል ስም አወጡላቸው። ሰውየው ሁሉን ነገር ዞረው ነበር የሚያዩት፤ በቅሎም ቢሆን፣ አውቶቡስም ቢሆን። ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ደግሞ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ ያነሣሉ፣ ወደ ሊማሊሞ ገደል በኩል ያለውን ደመና ያያሉ፣ ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ። በዚያ ዘመን መንገድ ላይ ቆሞ መጻፍ ደግ ነገር አልነበረም። ከሩቅ ሳያቸው "ምነው ቢተዉት" እል ነበር በልቤ።

ኅዳር ሲገባ፣ አንድ ቀን ተማሪ ከወጣ በኋላ የታረመ ደብተር ስሰበስብ ወደ ክፍሌ መጡ። በጋዜጣ የተለበጠ ወፍራም መጽሐፍ ይዘዋል።

"አስካለ፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው ይላሉ።"

"ለማስተማር ያህል ነው ጋሼ።"

"እኔም ለማስተማር ያህል ነው የምፈልገው" አሉና በሩን ገርበብ አድርገው ታሪካቸውን ነገሩኝ። አብራሪ ነበሩ። በትንሽ አውሮፕላን ቆላ ወርደው አንበጣና የጥጥ ተባይ የሚረጩ አብራሪ። አንድ የሥራ ባልደረባቸው አንድ ጠዋት ተነሥቶ፣ መድኃኒቱን መርጨቱን ትቶ ድንበር ተሻግሮ ቀረ። "ከእሱ ጋር ምሳ የበላን ሁሉ ከሰማይ ወረድን" አሉ። በረራ ተከለከሉ፣ ተመረመሩ፣ በመጨረሻ ሒሳብ ይችላሉ ተብለው ደባርቅ ተላኩ። አሁን ግን የቀድሞ አለቃቸው ደብዳቤ ጽፏል። አዳዲስ የበረራ ተማሪዎች ገብተዋል፣ አስተማሪ የለም፤ የአስተማሪነቱን የጽሑፍ ፈተና ያለፈ ሰው፣ ያለፈው ነገር ይታለፍለታል። ፈተናው ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ በረራ፣ ሌላው ስለ ማስተማር። ግንቦት ላይ፣ አዲስ አበባ።

"መብረሩን አውቀዋለሁ። ማስተማሩን ግን ተፈትኜበት አላውቅም። አንቺ ጥያቄውን አንብቢልኝ፣ እኔ እመልሳለሁ፣ አንቺ ታርሚኛለሽ። ካረምሽኝ በኋላ ደግሞ አስረዳሻለሁ። አውሮፕላን በቅርብ ላላየ ሰው ማስረዳት ካልቻልሁ አላወቅሁትም ማለት ነው።"

እምቢ ልል ፈልጌ ነበር። "ሌላ ሰው ቢፈልጉ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ሌላ ሰው ያወራል። ስለ አንቺ ግን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ 'እሷ አፍ የላትም' ነው ያለኝ።"

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። የመረጡኝ አፍ የላትም ተብለው ነው።

እንዲህ ጀመርን። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ፣ በእኔ ክፍል። ለሚጠይቀን ሰው የተማሪ ውጤት እየደመርን ነው። ጥያቄው ሦስት ሦስት ምርጫ አለው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። እሳቸው መልሱን ብቻ በቁጥር በቁጥር ይጽፋሉ፣ እኔ ከመጽሐፉ ጀርባ ካለው መልስ ጋር እያስተያየሁ በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ። አንድ ጥብቅ ደንብ ሰጡኝ፦ "ወረቀቱን ዕለቱን አቃጥይው። ቁጥርና ፊደል ብቻ የተደረደረበት ወረቀት ለእኛ መልስ ነው፤ ለሌላ ሰው ምሥጢር ነው።"

ከመጽሐፉ በኋላ የወንበሩ ትምህርት ይመጣል። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ያስቀምጡና እኔን በግራ፣ ራሳቸውን በቀኝ ያደርጋሉ። የክፍሉ መጥረጊያ እንጨት ጉልበቴ መሐል ይቆማል፤ መሪው እሱ ነው። ወደ ራሴ ስስበው አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች፣ ስገፋው ትደፋለች። በመጀመሪያው ቀን በሳቅ ሞትሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ሲያዘነብሉ አብሬ የማዘነብል ሆንሁ።

ከሁሉ በላይ የሚደጋግሙት አንድ ነገር ነበር። "ሁለት ሰው የያዘው መሪ ማንም ያልያዘው ነው። አንቺ እኔ ይዤዋለሁ ትያለሽ፣ እኔ አንቺ ይዘሽዋል እላለሁ፣ ተያይዘን ተራራ። ተማሪ ሲፈራ ደግሞ ጨምድዶ ይይዛል እንጂ አይለቅም።" ስለዚህ ምልክት ነበራቸው። ጉልበታቸውን ሁለቴ ጠብ ጠብ ካደረጉ፣ እኔ ሁለት እጄን ከመሪው ወደ ላይ አነሣለሁ፤ "ይዘዋል" እላለሁ፤ እሳቸው "ይዣለሁ" ብለው ይደግማሉ። ሲመልሱልኝ ደግሞ መዳፋቸውን ዘርግተው "መሪው ያንቺ ነው" ይላሉ፤ እኔ "ይዣለሁ" እስክል ድረስ ግን አይለቁም። አንድ ቀን ዝም ብላቸው ሩብ ሰዓት ሙሉ መጥረጊያውን ይዘው ተቀመጡ።

አሁን ቁጥር አሥራ ሰባትን ልንገራችሁ። የማስተማር ጥያቄ ነው። "አንድ ተማሪ ፍርሃቱ ከልክ ማለፉን የሚያሳየው የትኛው ምልክት ነው?" የሚል። መልሱ ሲ ነበር፦ ከሚገባው በላይ እሺ ባይነት፣ ያለ ቦታው መሳቅ፣ ሳይጠየቁ መናገር። ጋሽ ሙላት መልሰው ሲያበቁ ወደ መስኮቱ አዩ። በመስኮቱ ከቀበሌው አዳራሽ የድምፅ ማጉያ ይሰማ ነበር።

በማግሥቱ ስብሰባ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበረ ሰው ነው፤ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ነው የሚናገረው። አንድ የማያስቅ ቀልድ ቀለደ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማንም ሳይጠይቀው አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ የገዛ ጎረቤቱ ለስብሰባ አርፍዶ እንደመጣ ተናገረ። ጭብጨባው ማን ቀድሞ ያቆማል እየተባለ አልቆም አለ። ጋሽ ሙላት ከጎኔ እያጨበጨቡ፣ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ "ቁጥር አሥራ ሰባት" አሉኝ። እኔም አጨበጨብሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሏ የእኛ ሆነች፤ ገበያ ውስጥ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰው ያለ ቦታው ሲስቅ ሳይ ሆዴ ውስጥ "አሥራ ሰባት" እላለሁ።

ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ የዕረፍት ቀን በሊማሊሞ ገደል በኩል በእግር ወጣን። ነፋስ ከገደል ሲገጥም ምን እንደሚሆን ሊያሳዩኝ ነው። አንድ ገበሬ ገብስ ሲያዘራ አገኘን። ጋሽ ሙላት ቆመው አዩትና እንደ ልማዳቸው አውድማውን አንድ ጊዜ ዞሩት።

"አያ፣ ለምን እዚህ ጥግ ቆሙ? መሐሉ አይሻልም?"

"የለ ጌታዬ" አለ ገበሬው መንሹን ተደግፎ፣ ቃሉን እየጎተተ። "ነፋሱ ተገደሉ ሽቅብ ሲወጣ እዚህ ጥግ ላይ ነው ደጉ። እዚያ ወዲያ ሲያልፉ ይሰበርና ቁልቁል ይደፋል፤ እንኳን ገለባውን እኔንም ያፍነኛል።"

ጋሽ ሙላት ፊታቸው በራ። መጽሐፉ በሦስት ገጽ የሚለውን ሰውየው በአንድ ትንፋሽ ተናገረው። ወዲያው ደብተራቸውን አውጥተው ገደሉን፣ አውድማውን፣ በቀስት በቀስት የነፋሱን መንገድ ሣሉ፤ ከጎኑ ከፍታውን በቁጥር ጻፉ። ቀና ሲሉ የገበሬው ፊት ተለውጧል።

"ምን ይጽፋሉ ጌታዬ? እህሉን ነው?"

"የለም አያ፣ ነፋሱን ነው።"

"ነፋስም ሊቀረጥ ነው?"

ሳቅሁ። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ ቁናውን ከዓይናችን ለመሰወር በእግሩ ወደ ገለባው ውስጥ ይገፋው ጀመር። ጋሽ ሙላት ቅጠሏን ከደብተሩ ገንጥለው ሊሰጡት ቢሞክሩ ወረቀቷን መንካት እንኳ ፈራ። ስንመለስ ከተማ ልንገባ ስንል፣ "ስለ ነፋስ ያስተማረኝን ሰው አስፈራራሁት" አሉ። ሥዕሏን ለእኔ ሰጡኝና "ካጠናሻት በኋላ አቃጥያት" አሉኝ።

አላቃጠልኋትም። የታረሙትንም ወረቀቶች አላቃጠልኋቸውም። ለምን ብትሉኝ መምህር ነኝ። የታረመ ወረቀት አይጣልም፤ እንዲህ ተብለን ነው የሠለጠንነው። ተማሪ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ የሚታየው በታረመ ወረቀት ነው። ከሃምሳ ሃያ ዘጠኝ ነበር የመጀመሪያው፤ ከዚያ ሠላሳ አራት፤ ከዚያ አርባ አንድ። ኮራሁባቸው። አንድ ቀን፣ አልፈው ሲመጡ፣ በተራ ደርድሬ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። በተማሪ ማርክ ፋይል ውስጥ፣ ከልብስ ሣጥኔ ሥር አስቀመጥኋቸው። እሳቸው ሲጠይቁኝ "አቃጥያለሁ" እላለሁ።

ሚያዝያ መጣ። ጋሽ ሙላት የይለፍ ወረቀት ጠየቁ። ሊቀመንበሩ "አስተማሪ ደግሞ ምን ፈተና ይፈተናል?" ብሎ ሁለት ሳምንት አመላለሳቸው። እየከሱ ሄዱ። ልምምድ ላይ ግን አርባ አራት ደርሰው ነበር። "ይህን ካለፍሁ፣ ቀጣዩን ሕይወቴን ሰማይ ላይ እጨርሳለሁ፤ ካላለፍሁ ይህ ካፖርት መቀበሪያዬ ነው" አሉኝ አንድ ቀን፣ በቀልድ አይደለም።

ፈተናው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ከተማው ተፈተሸ። የገበያ ቀን ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። በየቤቱ የተበተነ ወረቀት ይፈለጋል ተባለ። እኔ ቤት ሦስት አብዮት ጥበቃዎች ገቡ። አንዱ የእኔው የቀድሞ ተማሪ አባት ነው፤ ሰላም እንኳ አላለኝም። ሣጥኑን ገለበጡት። ማርክ ፋይሉ ተከፈተ። የቁጥርና የፊደል ሰልፍ፣ ቀይ ምልክት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አራት፣ አርባ አንድ። ከዚያ የገደሉ ሥዕል፤ ቀስቶቹ ከሊማሊሞ በኩል ሽቅብ ወጥተው ደባርቅ ላይ ያርፋሉ፤ ከጎናቸው ከፍታ በቁጥር። በሥዕል ደረጃ ከዚያ የበለጠ የጦር ካርታ የሚመስል ነገር መሣል አይቻልም።

ቀበሌ ወሰዱኝ። ሊቀመንበሩ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ እኔ ልደረድራቸው አስቤ በነበረው ተራ።

"ይህ የማን ነው?"

ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል ይላሉ። እኔ አያያዝም አላወቅሁ፣ አነጋገርም አላወቅሁ። የመታኝ ሰው የለም። የጮኸብኝ የለም። ጥያቄውን የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔም "የመምህር ሙላት ነው" አልሁ።

ሊቀመንበሩ ጻፈው፤ እንድፈርም ሰጠኝ። ፈረምሁ። የመምህር ፊርማ ነው፣ ንጹሕ፣ መስመሩን ያልሳተ።

እሳቸውን ሊያመጡ ሰዎች ሄዱ። እስኪመጡ ድረስ ዝም ማለት እችል ነበር፤ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ማውራት ጀመርሁ። ጠዋት ጠዋት ነፋስ እንደሚለኩ፣ ደመና እንደሚጽፉ፣ በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ እንዳላቸው ተናገርሁ። ሊቀመንበሩ "እስቲ" ባለ ቁጥር ቀጠልሁ። አንድ ነገር ተናግሮ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቄ በአዳራሹ ውስጥ ሲያስተጋባ ለራሴ ተሰማኝ። ጋሽ ሙላት በሩ ላይ ቆመው ነበር።

ምን ያህል እንደሰሙ አላወቅሁም። ስፈርም አልነበሩም፤ ሳወራ ግን ነበሩ። ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ አስቀመጧቸው። አግዳሚውን ሳይዞሩ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ አሁንም አፌ አልቆመም፤ "እና ደግሞ..." እያልሁ ነበር። ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ ጉልበታቸውን ሁለቴ ጠብ ጠብ አደረጉ።

እጆቼ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አሉ። አፌም ተዘጋ። "ይዘዋል" የሚለውን ድምፅ አላወጣሁትም፤ ከንፈሬ ግን ብሎታል።

"ወረቀቶቹ የእኔ ናቸው" አሉ ጋሽ ሙላት። "ልጅቱ የምታውቀው ነገር የለም። እንግሊዝኛ ስለምትችል አርሚልኝ ብዬ አዘዝኋት። ፈተና ነው የማጠናው።"

"የምን ፈተና?"

"የበረራ አስተማሪነት።"

"አንተ ሒሳብ አይደለህም እንዴ?" አለ ሊቀመንበሩ። ጋሽ ሙላትን አንተ ሲላቸው ከወረቀቱ ይልቅ ያ አስደነገጠኝ።

"ወንበርና መጥረጊያ ይምጣልኝና ላሳይዎ።"

መጣ። ሊቀመንበሩን አስቀመጡት። መጥረጊያውን ጉልበቱ መሐል አቆሙለት። ከዚያ ማስረዳት ጀመሩ፤ ለእኔ እንኳ እንዲያ አድርገው አስረድተውኝ አያውቁም። የልብስ ስፌት መኪና ፔዳል ስለሚያውቅ በእሱ ተነሥተው እግሩን አስያዙት፤ ስለ ነፋሱ የገበሬውን ቃል ነገሩት። "አሁን አፍንጫዋን ቀና ያድርጓት። ቀስ። አያንቋት። እንዲያ! ከመሬት ለቀቁ።" አብዮት ጥበቃዎቹ መሣሪያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከበቡ። ሊቀመንበሩ ምላሱን ከንፈሩ ላይ አውጥቶ ከደባርቅ ተነሣ፣ ዳባትን በግራ አለፈ፣ ጎንደር ሊያርፍ ወረደ። "አየሃት! አየሃት!" ይላል። ድነናል ብዬ አምኜ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አምኜ ነበር።

መጥረጊያውን አስቀምጦ ሲነሣ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ አንድ በአንድ ሲወርድ አየሁት።

"እኔን በግማሽ ሰዓት ያስበረርህ" አለ፣ "ማንን አታስበርር? ያ ድንበር የተሻገረው ጓደኛህስ ከማን ጋር ነበር ምሳ የሚበላው?"

ለካ የግል ማኅደራቸውን አስቀድሞ አንብቦታል። ሁለት ሳምንት ወረቀቱን ያቆየባቸው ለዚያ ነው። ደካማ አስተማሪ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት በለቀቃቸው፤ የፈጃቸው ጎበዝ መሆናቸው ነው። በዚያው ቀን በወታደር መኪና ጎንደር ወሰዷቸው። መኪናውን ሊዞሩ ሲሉ በሰደፍ ገፏቸው። እኔን "ሂጂ፣ ልጆች አስተምሪ" ብለው ከመምሸቱ በፊት ለቀቁኝ።

የፈተናው ቀን ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ስለ ግሥ አስተማርሁ። መጥረጊያው ጥግ ቆሟል፤ ወደዚያ አላየሁም።

ከሰባት ወር በኋላ ጋሽ ሙላት ዕቃቸውን ሊወስዱ መጡ። የቀድሞ አለቃቸው ዋስ ሆኖ አስፈትቷቸዋል። ጥርሳቸው ሁለት ጎድሏል። መናኸሪያ ሮጥሁ፤ አውቶቡሱን እየዞሩ ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ልነግራቸው ነበር የሄድሁት። ስምዎን የተናገርሁት እኔ ነኝ፣ የፈረምሁትም እኔ ነኝ ልላቸው።

"ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን..."

ጉልበታቸውን ሁለቴ ጠብ አደረጉ። በዙሪያችን ብዙ ሰው ነበር።

"ወረቀቱን አቃጠልሽ?"

"የቀረውን አቃጠልሁ።"

"ጎበዝ" አሉኝና ገቡ።

ከዚያ በኋላ የደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ከዓመት በኋላ። "ሁለቱንም አልፌያለሁ። የማስተማሩ ከሃምሳ አርባ ሰባት። የትኞቹን እንደሳትሁ አይነግሩም። አርመሽ ብታሳይኝ ደስ ይለኝ ነበር" ይላል። አለቀስሁ። መልስ ለመጻፍ ስንት ጊዜ ተቀመጥሁ መሰላችሁ! "ውድ ጋሼ" እላለሁ፣ ከዚያ ፊርማዬ ትዝ ይለኛል፣ እቀደዋለሁ። ደርግ ወደቀ፤ የምፈራው ሊቀመንበር የት እንደገባ ጠፋ። የእኔ ፍርሃት ግን አድራሻ ቀይሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምፈራው ጋሽ ሙላትን ሆነ።

ይህን ሁሉ ለዚያ እንግዳ አልነገርሁትም። ወንበር ስሰጠው ግን ዞሮ አይቶ፣ እግሩን ነቅንቆ ሲቀመጥ ሳይ አላስቻለኝም። "ስለ እኔ ነግረዋችሁ ያውቃሉ?" አልሁት።

"በየዓመቱ" አለ። "አዲስ ተማሪ ሲገባ የመጀመሪያው ትምህርት የእርስዎ ታሪክ ነው። እሳቸው ጎንደር የገቡ ዕለት፣ እርስዎ የፈረሙበትን ቃል መርማሪዎቹ አሳይተዋቸዋል።"

ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። መናኸሪያ ላይ ጎበዝ ሲሉኝ፣ ደብዳቤውን ሲጽፉልኝ።

"ምን ይሏችሁ ነበር?"

"'የመጀመሪያ ተማሪዬን ደባርቅ ላይ ጣልኋት' ይሉናል። 'የፍርሃትን ምልክት በቁጥር አስጠናኋት፤ ሲመጣባት ምን እንደምታደርግ ግን አላስተማርኋትም። ያን ቀን የወደቀችው እሷ አይደለችም፣ አስተማሪዋ ነው። ልቀቂ ስላት ግን ለቀቀች። እናንተም እንዲያ ፈጥናችሁ ትለቁ እንደሆን አያለሁ።' እንዲህ ነው የሚሉን።"

እሱ ገና አልጨረሰም። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቀረብ አለ።

"ሲታመሙ ጠሩኝ። 'ደባርቅ ሂድ። መሪውን ከተቀበልኋት በኋላ አልመለስሁላትም፤ ይህን ሁሉ ዓመት እጇን አንሥታ ነው ያለችው' አሉኝ።"

መዳፉን ዘረጋ፣ ልክ እንደ እሳቸው። "መሪው ያንቺ ነው ብለውሻል... ብለዎታል" አለ፣ ተሳስቶ እያፈረ።

እሱ እጁን እንደ ዘረጋ ጠበቀኝ። ደንቡን ያውቃል፤ ተማሪው ካልመለሰ አስተማሪው አይለቅም። ውጭ የእሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ያወራል። ብዙ ከቆየሁ በኋላ እጆቼን ጉልበቴ ላይ አሳረፍሁ።

"ይዣለሁ" አልሁት።

ያን ጊዜ እጁን አወረደ።